ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

እኛ ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ይህን የምለው ለሽሙጥ አይደለም፣ ከልቤ ነው። ሰው ሞተ ሲባል ማንም ማንንም ሳይጠራ ጎረቤት ይሰበሰባል። ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ የእድሩ ድስትና ሰሃን ከመጋዘን ወጥቶ ይመጣል። ሐዘንተኛው ቤት ምድጃ አይለኮስም፤ ንፍሮውም እንጀራውም ከየቤቱ ተሸፍኖ ይመጣል። ማልቀስ ነውር መሆኑ ይቀርና የሚታማው ያላለቀሰው ይሆናል። ሟቹ እንዴት እንደታመመ፣ በመጨረሻው ሰዓት ምን እንደተናገረ፣ ያው ታሪክ በቀን ሃያ ጊዜ ይተረካል፤ ሰሚውም ሃያ ጊዜ እንደ አዲስ ከንፈሩን ይመጣል። ማታ አብሮ የሚያድር አለ። “በሞቴ፣ እቺን ብቻ!” እያለ የሚያጎርስ አለ። አሠሪው ሳይቀር ይህን ያውቃል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ቤተሰብ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጠዋል።

እስቲ ይህንን ልማድ በባለሙያ ዓይን እንየው። “ክፉኛ ለተጎዳ ሰው ምን ይደረግለት?” ብላችሁ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ብቻውን አትተውት፤ መናገር ከፈለገ ስሙት፣ ካልፈለገ አታስገድዱት፤ ምግቡንና እንቅልፉን ጠብቁለት፤ ቀስ በቀስ ወደ ዕለት ሥራው እንዲመለስ እርዱት። አያቶቻችን ይህን ሁሉ ያደራጁት መማሪያ መጽሐፍ ሳይኖራቸው ነው።

ችግሩ ድንኳኑ የሚተከለው ለሞት ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ማንም ሳይሞትበት የሚያዝን ሰውስ? ቀብር የሌለው፣ ሰልስት የሌለው፣ አርባ የሌለው ሐዘን የገባበት ሰው ወዴት ይሂድ?

አንድ የማውቀው ሰው በባንክ ብድር ክፍል ውስጥ ኃላፊ ነው። ደመወዙ ከብዙዎቻችን የተሻለ ነው፣ ልጆቹ ደህና ትምህርት ቤት ይማራሉ። ይህ ሰው ማታ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ግቢው ውስጥ ካቆመ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ጨለማው ውስጥ ይቀመጣል። ወደ ቤት ለመግባት አቅም ያጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ድሮ እግር ኳስ የማያመልጠው ሰው አሁን የማን ጨዋታ እንደሆነ እንኳ አይጠይቅም። ለባለቤቱ የታያት ሌላ ሴት ነው። ለጓደኞቹ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ሲነግራቸው የሰጡት መልስ ሦስት ዓይነት ነበር፤ “ምን ጎደለህ?”፣ “ተመስገን በል እንጂ!”፣ “ወንድ አይደለህ እንዴ?”። ከዚያ ወዲያ እሱም የአገሩን ልማድ ያዘ፤ ሆድ ይፍጀው አለ።

ሆድ ይፍጀው! ሆድም እሺ ብሎ ይፈጃል። መጀመሪያ የሚፈጀው ግን ራሱን ነው። በየክሊኒኩ “ጨጓራዬ” እያለ ከሚሰለፈው ሰው መካከል የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ብዙ ነው፤ እሱ ይመርመር፣ ይታከም። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘብህም የተባለ፣ ሆኖም ሆዱ የሚነደው፣ ራሱን የሚወቅረው፣ ልቡ ያለ ምክንያት ድው ድው የሚልበት፣ ሰውነቱን የሚያቃጥለው ሰውም ብዙ ነው። ይህ ሰው አላስመሰለም፤ በእርግጥ ታሟል። አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ሲያምን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች እንዲለቀቁ ያዛል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፍጨት ሥራ ይስተጓጎላል። መንገድ ላይ ጅብ ለገጠመው ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ጅቡ ያልፋል፣ ሰውነትም ይረጋጋል። የቤት ኪራይ፣ የአለቃ ቁጣ፣ የወንድም ሥራ ማጣት ግን እንደ ጅቡ አያልፉም፤ ሰውነትም ወር ሙሉ ዘብ ቆሞ ያድራል።

ሁሉም መከፋት በሽታ ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ሲያጣ ያዝናል፣ ፈተና ሲመጣ ይጨነቃል፤ ይህ ጤና ነው። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሕመም የሚለየው በርዝመቱና በስፋቱ ነው። መከፋቱ ወይም ለማንኛውም ነገር ፍላጎት ማጣቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ሲቆይ፤ አብሮትም የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ “እኔ ዋጋ የለኝም” የሚል ስሜት፣ ሲከፋም ሞትን መመኘት ሲከተል፣ ነገሩ ከተራ ትካዜ አልፏል። ጭንቀትም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም አልለቅ ሲል፣ ሥራና ቤት ሲያስተጓጉል፣ ለሐኪም የሚታይ ሕመም ይሆናል። እዚያ ሳይደርስ በፊት ግን በየቤታችን የምናደርገው ብዙ ነገር አለ።

ከሁሉም እንቅልፍን አስቀድማለሁ። እንቅልፍ ማጣት የድባቴ ምልክት ነው፤ ድባቴን የሚጠራም እሱ ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት ተራ ነገር ይመስላል፤ በየቀኑ፣ እሁድንም ጨምሮ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት፤ እንቅልፍ እንቢ ሲል አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነስቶ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቁጭ ማለት፤ አልጋን ከሥራና ከስልክ መለየት። ቡናችንም አለ። ካፌይን ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሽ ያህሉ ገና ደም ውስጥ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የተነሳ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹን ይዞ አልጋው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ታዲያ ቡናውን ወደ ጠዋት መልሱት እንጂ መሰባሰቡን አትተዉት። ለነርቭ የሚከብደው ሲኒው ነው፤ ዙሪያው የተቀመጡት ሰዎች ግን መድኃኒት ናቸው።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። ድሮ የተወሰነ አካባቢና የተወሰነ ሰው ልማድ የነበረው ነገር ዛሬ ክራባት ያሰረው ሰው ቢሮ ውስጥ ገብቷል፤ ጠበቃው መዝገብ ለመጨረስ፣ አካውንታንቱ ሒሳብ ለመዝጋት፣ ደራሲው ለመጻፍ ይቅማል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ምርቃናው ሲመጣ ዕቅዱ ይበዛል፤ ፎቅ ይሠራል፣ መጽሐፍ ይጻፋል፣ ጠብ ይታረቃል። ሲመሽ ግን ዓይን እንደፈጠጠ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ጨብሲ ይኬዳል፤ ምርቃናውን በቢራ፣ ሲብስም በአረቄ ለመስበር። አንዱን እግር ነዳጁ ላይ፣ ሌላውን ፍሬኑ ላይ አድርጎ መኪና እንደመንዳት ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ እንቅልፉን ግን ይሰባብረዋል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላም ያነቃል። በማግስቱ ድብርት አለ፤ ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት አለ። ለማቆም የሞከረውን ደግሞ ሌሊት ዱካክ ይጫነዋል። ብዙ ሰው “ጭንቀት አለብኝ” ብሎ ለሐኪም ሲናገር ይህን ሰንሰለት አይጠቅስም፤ ሐኪሙም ካልጠየቀ ሳያውቀው ይቀራል። ሂዱና ንገሩት፤ ሐኪም ዳኛ አይደለም።

የእግር መንገድ ቀላሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት በሳምንት ጥቂት ቀን በእግር የሚሄድ ሰው ይሞላዋል፤ የታክሲ ሰልፉም ይቀርለታል። ቀለል ላለ ድባቴ እንቅስቃሴ እውነተኛ ጥቅም እንዳለው በተደጋጋሚ ታይቷል።

ስልኩስ? የሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ብዙዎቻችን አንድ ክፉ ልማድ አዳበርን፤ ሌሊት ነቅቶ ስልክ ማየት። ቤተሰቡ መስመር የተቋረጠበት ሰው አልተሳሳተም፤ የሚያየው የዘመዱን ነገር ነበር። ልማዱ ግን ከዚያ በኋላም አብሮን ቀርቷል። ዜና መከታተል የዜጋ ግዴታ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ የምኖረውም በጋዜጣ ጽሑፍ ነው። ቢሆንም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቁጭ ብሎ፣ በብርሃን ማንበብ ይበቃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነበብ ዜና አንባቢውን ይነቀንቀዋል እንጂ አያሳውቀውም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ የሰው ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ስለ ልማቱ በጎነትና ክፋት መከራከር ሌላ ቀን የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። አዲሱ ቤት ከአሮጌው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ መታጠቢያ ቤት አለው፣ ጣሪያው አያፈስም። የቀረው ግን ሠላሳ ዓመት የሚያውቅ ጎረቤት ነው። “ዛሬ ለምን በጊዜ አልወጣችም?” ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው ነው። ይህ ዓይነቱ ጎረቤት ከማንም ሐኪም ቀድሞ የሚያይ ዓይን ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሦስት ቀን ካልወጣ ማን ያስተውላል? የሚያስተውል ካለ ደግሞ ምን ብሎ ያንኳኳል?

እኔ የምለው፣ ሞት ሳይኖርም እንደ ለቅሶ ይንኳኳ። ሰዎች “ምን እላለሁ?” ብለው ነው የሚቀሩት። ለቅሶ ቤት ምን ትላላችሁ? ምንም። ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ። እዚህም እንዲሁ ነው። “ምን ጎደለህ?” ከሚለው ይልቅ “ሰሞኑን አልበረታህብኝም፣ እንዴት እያደርክ ነው?” ማለት ይሻላል፤ ከዚያ ዝም ብሎ መስማት። ምግብ ይዞ መሄድ። ልጆቹን አንድ ከሰዓት በኋላ መውሰድ። ሐኪም ቤት አብሮ ወረፋ መጠበቅ። አንድ ከባድ ጥያቄ ደግሞ አለ። ሰውየው መኖር እንደሰለቸው የሚያስመስል ነገር ከተናገረ በቀጥታ ጠይቁት፤ “ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?” በሉት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስተምረውም፤ ይልቁንም ብቻውን የተሸከመውን ያወርድለታል። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ራሱን የሚጎዳበትን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። “ፖሊስ ይመጣብናል” ብለው የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። የወንጀል ሕጋችን ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው የሚቀጣ ድንጋጌ የለውም፤ አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሳሳውንና የሚረዳውን ነው።

ሕግ ካነሳሁ አይቀር ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሕግ የተማርኩ በመሆኔ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ መሬትና ስለ ውርስ ነው። ባለፈው ጊዜ ግን የአንድ ዘመዴ ልጅ፣ የተማረች፣ ጥሩ ሥራ ያላት ሴት፣ ከቤተሰብ ግብዣ ላይ ለብቻ ጠራችኝና “ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለጓደኛዬ ነው” አለችኝ። ጓደኛዋ ከባሏ ጋር ሊፋቱ ነው። የአራት ዓመት ልጅ አላቸው። ከወራት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፣ ታለቅሳለች። “የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ግን ባልየው ፍርድ ቤት ላይ እብድ ናት ይላታል፤ ልጇን ይወስድባታል፣ ቤቱንም መፈረም አትችልም ይላሉ። እውነት ነው?” አለችኝ። ጥያቄው የማን እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል። ሕመሙን እየቻለች የተቀመጠችው በሕግ ፍርሃት ነው! ይህን ዓይነቱን ፍርሃት ደግሞ ከእሷ ሌላም ሰው ላይ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ለእሷ ያልኩትን ለሁሉም ልበል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚነሳው ሰው ሁሉ ችሎታ አለው ከሚል ግምት ነው። የለውም የሚል ሰው ማስረዳት የራሱ ዕዳ ነው። ችሎታ የሚያሳጣው የአእምሮ ችግር በአንቀጽ 339 ላይ ተመልክቷል፤ በእድገት ጉድለት፣ በአእምሮ በሽታ ወይም በእርጅና ምክንያት የሚሠራውን ሥራ ትርጉም መረዳት የማይችልን ሰው ነው የሚመለከተው። ልብ በሉ፤ መለኪያው መረዳት መቻል ነው። ያዘነ፣ የተጨነቀ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚፈርመው ውል ምን እንደሆነ ያውቃል። ሳይካትሪስት ጋ በቀጠሮ የሚመላለስ ሰው ችሎታውን ያጣል የሚል አንቀጽ በሕጉ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው እዚያ በቆየበት ጊዜ ውስጥ ሕጉ ሕመሙን በግልጽ የታወቀ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሲወጣ ግምቱ ያበቃል። በዚያ ጊዜ የፈረመውን ውል ለመቃወም የሚችሉትም እሱ ራሱ፣ ወኪሎቹ ወይም ወራሾቹ ናቸው። የተቀመጠው ለጥበቃው ነው፤ አልጋ ላይ ሳለ ቤቱን በርካሽ አስፈርመው እንዳይወስዱበት። ከዚህ ውጭ ያለው መንገድ ሰውየው በፍርድ እንዲከለከል ማድረግ ነው። ይህን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ የሚያመለክተውም ራሱ ታማሚው፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ዘመዱ ወይም ዓቃቤ ሕግ ነው፤ ዳኛው በሁኔታው ሳያምን አይወስንም። የተናደደ ባል “እብድ ናት” ስላለ የሚሆን ነገር አይደለም።

እርግጥ ነው ሕጉ አርጅቷል። ይኸው አንቀጽ 339 እንደ ሁኔታው ዘወትር የሚሰክረውንና ገንዘብ አባካኙን ከዚሁ ጎራ ሊመድባቸው ይችላል፤ በጥብቅ ቢሠራበት ኖሮ ቅዳሜ ማታ የስንቱ ውል ይፈርስ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ከዚህ አስተሳሰብ በጣም ርቆ ሄዷል፤ የአእምሮ ችግር ያለበት ሰው ችሎታው እንዲገፈፍ ሳይሆን ለመወሰን ድጋፍ እንዲያገኝ ነው የሚጠይቀው። ሕጉ መሻሻል አለበት ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ባለበት ሁኔታ እንኳ ሰው እንደሚፈራው አይደለም።

የልጅ ጉዳይስ? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ፍቺ ሲወሰን ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ የሚለውን ዳኛው ሲያይ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም እንዲመለከት ያዛል። ጤንነት የሚለው ቃል አለ፤ የለም ብዬ አላታልላትም። ነገር ግን ዳኛ ፊት የምትቀርበውን እናት አስቡ። አንዷ ታማ፣ ታክማ፣ ቀጠሮዋን ጠብቃ፣ ልጇን ትምህርት ቤት የምታደርስ ናት። ሌላዋ ወራት ሙሉ ሳትተኛ፣ ሳትበላ፣ ሥራዋን እየቀረች፣ ስትቆጣ የምትጮህ ናት። ለባልየው ጠበቃ የምትመቸው የትኛዋ ናት? ሕክምናው ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብ እንኳ ማስረጃነቱ ለእሷ ነው።

ቀጥላ የጠየቀችኝ “ስሜ መዝገብ ላይ ይቀራል?” ብላ ነበር፤ ጓደኛዋን እዚህ ላይ ረሳቻት። ካርድ ይወጣል፣ አዎ። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ፋርማሲስቱም ግን ያንን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣን ባለሙያ፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ ይቀጣል። እኛን ጠበቆችንም ከሐኪሞቹ ጋር አንድ ላይ ነው የዘረዘረን። ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሕግ ሲያስገድድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ አለቃና አማት ግን ከዚያ ውስጥ አይደሉም።

ለተቀጣሪውም እንዲሁ። ከላይ የጠቀስኩት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ሕጉ የሚጠይቀው ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው፤ የጉበት ሕመም፣ የነርቭ ሕመም፣ የአእምሮ ሕመም ብሎ አልለየም። በጤንነት ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት የማይችል ሠራተኛ ውሉ በማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ እንደሚችል ግን እዚያው ተጽፏል። እንግዲህ ቁልፉ ያለው “ለዘለቄታው” የሚለው ቃል ላይ ነው። በጊዜ የታከመ ድባቴ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ሳይታከም የከረመው ነው ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው።

ወዴት ይኬድ? የብዙ ሰው ፍርሃት “አማኑኤል” የሚለው ስም ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙን ስድብ አድርገነዋል። ያሳዝናል፤ እዚያ የዳነው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው። ለማንኛውም ዛሬ አማራጭ አለ፤ በጥቁር አንበሳ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በዘውዲቱ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ በግል የሚሠሩ ሳይካትሪስቶችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ከቀድሞው በዝተዋል። የ2005ቱ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም የአእምሮ ሕክምና እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አልሞ ነበር። በሁሉም ቦታ ደርሷል ባልልም፣ በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ አያስከፋም።

ጠበል የሚሄደውን ሰው አልቃወምም፤ መስጊድ ዱዓ የሚያስደርገውንም እንዲሁ። ጸሎት ለብዙ ሰው ብርታት ነው፣ ጠበል ቦታውም ብቻውን የማይሆንበት ስፍራ ነው። የምቃወመው “ጠበል ከጀመርክ ክኒኑን ጣል” የሚለውን ምክር ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት መድኃኒት እየዋጠ የሚጸልይ ሰው እምነቱ እንዳልጎደለ ሁሉ፣ ይኼኛውም እንዲሁ ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ የምናጣላቸው እኛ ነን።

የመጀመሪያው ቀጠሮ እንደሚፈራው አይደለም። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብስ? መጠጥ፣ ጫት አለ? በቤተሰብ የታመመ ሰው ነበር? የደም ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስና የደም ማነስ ድባቴን ይመስላሉና። ቀለል ላለው ሕመም በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል። መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ እንደ ራስ ምታት ክኒን በግማሽ ሰዓት አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠውም እዚሁ ላይ ነው። ሁለተኛው ማቋረጫ ሲሻል ነው። ተሽሎኝ ሳለ ለምን እወስዳለሁ ይላል። ከተሻለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል ይመከራል፤ ሲቆምም በሐኪሙ ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ለመጀመሪያው ቀን የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ የተባለውን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይዘውም። የዘመዴ ልጅም “አብረውኝ ይሄዳሉ፣ ጋሼ?” አለችኝ፤ ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ነበር ቀጠሮው።